አርባ ሳንቲ

«ሆዷ ልሙጥ ይሁን» ብለው ሥዕል ሰጡኝ፤
እኔ የበር በያጅ፣ በጀልባ ፈተኑኝ።
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጋራዡ ጓሮ፣
ስድስት ወር ከረመ ላሜራው ተዘርሮ።
ብልጭታው አሸዋ ሲሞጅርብኝ ዓይኔን፣
ማታ በድንች ቁራጭ ሳበርድ መቃጠሌን፣
ሚስቴ ጠየቀችኝ፦
«ስንት ትጠልቃለች?»
«አርባ ሳንቲ» አልኳት።
«አርባ ሳንቲ ብቻ? ለሕፃን ገንዳ ነች?»

እኛ ዘንድ ምስጋና ሁሌ ለጥልቅ ነው፤
ሐሳብም፣ ፍቅርም፣ ጉድጓድም ሲጠልቅ ነው
የሚከበረው።
«ጥልቀት የለህም» ካሉህ
አለቀ፣ ተሰደብህ።
ይህን እያሰብኩኝ ጎኗን ስቀባባ
ያፈርኩባት መሰለኝ፣ ያቺን ልሙጥ ጀልባ።

አሞራ ገደል ላይ፣ ካይሱዙ ጀርባ ወርዳ፣
ውኃውን ስትነካው እንደ አዲስ እንግዳ፣
ዓሣ ገፋፊው ልጅ ቢላውን ሰክቶ
መጣ ሥራ ፈትቶ፤
አባ ኮዳም ቆመ እንደ ሸንጎ ዳኛ፣
ራሰ በራውን ይዞ ዞረ ወደ እኛ።
ቡሪሶ፣ አርባ ዓመት መረብ የጣለ ሰው፣
«ይሄ ትሪ» አለ፣ «ሻዩ የታል? የት ነው?»
ሰዉ ተንከተከተ።

ዶክተር ምንታምር ግን ሱሪዋን ሰብስባ፣
ቀድማን ውኃው ገብታ፣
«አባባ፣ ቆሮሶ ጫጩቷን በአፏ ይዛ
የምትደበቀው የት ነው?» አለችው።
«ከደንገሉ ሥር ነው፤ ጉልበት በማያልፈው።»
«ትልቅ መርከብ እዚያ ይገባል?»
ዝም አለ።
ጫማውን አውልቆ ጀልባዋ ላይ ዘለለ።
እኔም ለብየዳው ዋስ ሆኜ ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው። ድምፅ ወደ ታች ልካ
መልሱን የምታደምጥ ሳጥን አለች ለካ፤
በቀጭን ቱቦ ውስጥ ጭቃ ይመዘዛል፣
ጥቁር ላይ ግራጫ፣ እንደ ኬክ ተደርቧል።
ምንታምር ታሸተዋለች፤
«ይህቺኛዋ መስመር ድርቅ ነበረች» አለች።
ከጥቁር ውኃ አፍ ላይ፣ በሸምበቆ ተጋርዶ፣
ጉማሬ አስቆመን፣ መንገዱን አግዶ።

ታቦር ከጀርባችን እያነሰ ሲሄድ
ቡሪሶ እጁን አነሣ።
«ቀስ። ሞተሩን አጥፋ።»

ምንም አልነበረም። ውኃ ነው።
አንዲት ግንድ ብቻ ጫፏን አውጥታለች፣
አንድ ወፍ ላይዋ ላይ ክንፉን ያደርቃል።
«ምሰሶዬ ናት» አለ።
«ውኃው ያን ዓመት ሲገፋ
መጀመሪያ እንሰቱን፣ ቀጥሎ በረቱን፣
ከዚያ እኛን።»

ሳጥኗ «ዘጠና ሳንቲ» አለች።
ምንታምር ደብተሯ ላይ
«ደለል፣ ድንጋይ» ብላ ጻፈች።
«ድንጋይ አይደለችም» አለ፣ ወደ ታች እያየ፣
«ደፍ ናት። የቤቴ።
ሦስቱም ልጆቼ ላይዋ ተቀምጠው
የወተት ጥርሳቸውን የነቀሉባት።»
ላጲስ አወጣች።
«ድንጋይ» የሚለውን ፋቀች፤
«ደፍ» ብላ ጻፈች።

«መግባት ይቻላል?» አለ።
እኔን ነው የጠየቀው። በያጁን።
ከዘጠና ላይ አርባ ሲነሣ
ሃምሳ ይተርፋል።
«ይቻላል» አልኩት።

በቀርከሃ ገፋን።
ቡሪሶ ባርኔጣውን አወለቀ፤
የበሩ ጉበን ዝቅ እንዳለበት ሰው
ምንም በሌለበት ጎንበስ አለ፣
እኛም ጎንበስ አልን።
ሳሎን ነው፤ ፀሐይ ነው፤ የጀልባዋ ጥላ
ወለሉ ላይ ሄደ፣
ምድጃውን አለፈ፣ መደቡን አለፈ፣
አንዲት ነገር ሳይነካ።

ማታ ሚስቴ ደግማ፣
«ስንት ትጠልቃለች አልከኝ፣ ያቺ ጀልባ?»
«አርባ ሳንቲ» አልኳት።
ቆየሁና ደግሞ፣
«ሰው ቤት ታስገባለች» አልኳት።

ዓይኔን አየችና ድንች ከተፈችልኝ።
ያን ቀን ግን ብየዳ
በእጄም አልነካሁ።